ጅባራው የመሰከረብኝ ቀን

ጎጃም ውስጥ፣ ጮቄ ተራራ ላይ የደቡብ መስቀል የተባለውን የኮከቦች ስብስብ ፎቶ ያነሳሁት በመጋቢት መጨረሻ፣ ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት፣ ስድስት ሰዓት ገደማ ነበር። ጎጃም ከምድር ወገብ በስተሰሜን ከ10 እስከ 11 ዲግሪ ላይ ስለሆነ፣ የሰሜን ኮከብ ከኋላዬ ከአድማሱ ብዙም ሳይርቅ፣ መስቀሉ ከፊቴ 19 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ይታይ ነበር፤ አልፋ ሴንታውሪና ቤታ ሴንታውሪ የተባሉት ሁለት ደማቅ ኮከቦች በስተግራው ናቸው፣ ከሥራቸው ደግሞ ጅባራ የተባለው የደጋ ተክል፣ አንድ ዘንጉ የረዘመ፣ ቆሟል። ብርዱ ጣቶቼን ስላደነዘዛቸው የካሜራውን ቁልፍ የምጫነው በእርሳስ ነበር።

በመሥሪያ ቤታችን ዐውደ ርእይ ላይ ፎቶው በትልቅ ባነር ታትሞ ሳየው ግን ሁለቱ ኮከቦች ወደ መስቀሉ ቀኝ ተሻግረዋል። የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያዋን ጠየቅኋት።

«ጽሑፉ በግራ በኩል እንዲያርፍልን ገለበጥነው» አለችኝ። ፊቴ ሲለዋወጥ አይታ «ዶክተር፣ ሰማይ ደግሞ ግራና ቀኝ አለው እንዴ?» ስትል ጨመረችበት።

ይህች ጥያቄ እስከ ዛሬ ትከነክነኛለች። የዚያን ዕለት ስለ መረጃ ታማኝነት ረዘም ያለ ንግግር አደረግሁላት። የተለዋዋጭ ኮከቦችን፣ ማለትም ድምቀታቸው ከፍ ዝቅ የሚለውን ኮከቦች፣ ብርሃን በመለካት የምተዳደር ሰው ነኝና፣ በዚያው ሳምንት የትኞቹን ምስሎች እንደጣለ ያልገለጸ ተማሪ ሪፖርቱን እንደመለስኩበት ሳይቀር ነገርኳት።

ከሰዓት በኋላ አንድ የቅኔ መምህር ደቀ መዛሙርታቸውን አስከትለው መጡና ባነሩ ፊት ቆሙ። ኮከቦቹን ብዙም አላዩአቸውም። በጭራቸው ጫፍ የጅባራውን ጠርዝ እየነኩ፦

«ልጄ፣ ወደ ደቡብ ዞረህ ነው ያነሳኸው?»

«አዎን፣ የኔታ።»

«እንግዲያ ብርሃኑ ያረፈበት በግራ፣ በምሥራቅ በኩል ነው። ሊነጋ ሲል ነበር?»

«ኧረ አይደለም፣ ሲመሽ ነው» አልኩ ሳላስበው።

«ሲመሽማ በቀኝ በሆነ ነበር።»

በደስታ ወደ ባለሙያዋ ዞርኩ፤ መገልበጡን አንድ ሰው አወቀልኝ! የኔታ ግን አልጨረሱም።

«ደግሞስ ሲመሽ ይህ ሁሉ ኮከብ ከየት መጣ?»

ማስረዳት ግድ ሆነብኝ። ምድር በሰዓት 15 ዲግሪ ስለምትዞር ካሜራው ረዘም ላለ ጊዜ ከተከፈተ ኮከቦቹ ጭረት ይሆናሉ፤ ስለዚህ የ15 ሴኮንድ ፎቶዎችን 20 ጊዜ አንስቼ፣ ኮከብን ከኮከብ እያገጣጠምኩ በኮምፒውተር ደራረብኳቸው። ኮከቦቹ ሲገጥሙ ደግሞ መሬቱ ስለሚደበዝዝ፣ ጅባራውን ከኮከቦቹ አምስት ሰዓት ያህል ቀደም ብዬ፣ ፀሐይ ጠልቃ ገና ወገግታው ሳይጠፋ ለብቻው አንስቼ ከሥር አስገባሁት። በሙያችን የተለመደ አሠራር ነው፤ በባነሩ ላይ ግን አልተጻፈም፣ እንዲጻፍም አልጠየቅሁም።

የኔታ ጭራቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው «መልካም ሥራ ነው» ብለው አለፉ። ባለሙያዋ ግን አላለፈችኝም፦ «እኔ የገለበጥኩት ቦታውን ነው፤ እርስዎ ደግሞ ሰዓቱን።»

ባነሩ እንደገና ሲታተም መስቀሉ ወደ ትክክለኛ ቦታው ተመለሰ። ስለ አነሳሱ ሦስት መስመር መግለጫ ጽፌ ሰጥቻት ነበር፤ ቦታ አልበቃንም ብላ የጅባራውን ስም ብቻ አስቀረችልኝ።