ከባሌስትራ የወጣ መሮ

ዛሬ ቶርኖው (እንጨት የሚያሽከረክረው ማሽን) ላይ እንጨት የፋቅኩት በራሴ እጅ በሠራሁት መሮ ነው። ደስታዬ ልክ የለውም!

ብረቱ ከመርካቶው ምናለሽ ተራ የገዛሁት የአሮጌ መኪና ባሌስትራ ነው፤ መኪናውን ከሥር የሚሸከመው ተጣጣፊ ብረት። ብዙ ሰው አሮጌ ሞረድ ስሎ ይጠቀማል። እባካችሁ እንዲሁ አትጠቀሙበት። ሞረድ በጣም ጠንካራ ነው፤ ግን እንደ ብርጭቆ ነው። የሚሽከረከረው እንጨት ድንገት ከያዘው ይሰበርና ስባሪው ፊት ላይ ይመጣል። ባሌስትራ ግን ጫና ችሎ እንዲተጣጠፍ የተሠራ ብረት ነው።

ቅርፁን በግራይንደር አወጣሁት። ከዚያ ጫፉ እስኪቀላ ከሰል ላይ። እዚህ ጋ ማግኔት ያስፈልጋል። ብረቱ 770 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ማግኔት አይስበውም። ትንሽ ጨመር አድርጎ ቶሎ ዘይት ውስጥ መንከር ነው። ውሃ ከሆነ ሊሰነጠቅ ይችላል። ከዘይቱ ሲወጣ ሞረድ ሲያስኬዱበት ይንሸራተታል እንጂ አይበላውም። ያ ድምፅ ራሱ ደስ ይላል!

ግን እንዲህ ሲጠነክር ተሰባሪም ይሆናል። ስለዚህ ፊቱን ወልውዬ 200 ዲግሪ ገደማ ኦቨን ውስጥ አቆየሁት፤ የገለባ ቀለም እስኪይዝ።

እጀታው ወይራ ነው። ረዘም አድርጌዋለሁ፣ ጉልበት ይሰጣል። አፉ ላይ እንዳይሰነጠቅ የመዳብ ቱቦ ቀለበት አለው።

ዋንዛ ላይ ሞከርኩት። ዱቄት ሳይሆን ረጃጅም ጥቅልል ፍቅፋቂ ነው የወጣው። ፒያሳ ጎረቤታችን ያሉት አናጺ ገብተው አዩት።

«ስንት ገዛኸው?»

«ራሴ ነኝ የሠራሁት፣ ጋሼ።»

አገላብጠው አዩትና «ለእኔም ሰፋ ያለ ሥራልኝ» አሉኝ። ባሌስትራው ተርፏል፤ ቅዳሜ እጀምርላቸዋለሁ።