አሰልቺውን ቁረጥ ሲሉኝ

ትረካ ስቱዲዮ ውስጥ የሚሠራ ሰው የሚሰማውን አይመርጥም። ደንበኛ ያመጣውን ይቀርጻል፣ ያስተካክላል፣ ፋይሉን ያስረክባል። ዛሬ ልብ ወለድ፣ ነገ የጸሎት መጽሐፍ፣ ከነገ ወዲያ ስለ ወተት ላም አያያዝ። እኔ ተራኪ አይደለሁም። ከመስታወቱ ወዲህ ሄድፎን አድርጌ ትንፋሽ የምቆርጥ፣ ስህተት የምለቅም፣ ጎረቤት ጄኔሬተር ሲያስነሣ "ቆይ፣ ቆይ!" የምል ሰው ነኝ።

በግሌ የማነበው ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ስለላ። ትርጉምም ይሁን የአገር ውስጥ ግድ የለኝም። ሽፋኑ ላይ ጥቁር መነጽር ያደረገ ሰው ካለ እገዛዋለሁ። ለገሃር አካባቢ መንገድ ዳር መጽሐፍ የሚዘረጉት ልጆች ገና ከሩቅ ሲያዩኝ "አዲስ ገብቶልሃል" ይሉኛል። ግለ ታሪክ የጡረተኛ ወግ፣ ግጥም የተማሪ ቤት ፈተና፣ የሙያ መጽሐፍ ደግሞ የባለሙያው ጣጣ ይመስለኝ ነበር።

ታዲያ አንድ ጊዜ አሜሪካ ቨርጂኒያ የሚኖሩ እህትና ወንድም የአባታቸውን መጽሐፍ ላኩልን። አባትየው ድሬዳዋ የባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ ድሬዎች ሽመንደፈር በሚሉት መሥሪያ ቤት። ጡረታ ከወጡ በኋላ ሕይወታቸውን ጽፈው፣ በራሳቸው ወጪ ጥቂት ኮፒ አሳትመው ለዘመድ አድለዋል። የልጅ ልጆቻቸው አማርኛ ይሰማሉ እንጂ ፊደል አይለዩም። እንግዲያው አያታቸውን በጆሯቸው ይወቋቸው ነው ነገሩ። ሐሳቡ ደስ ይላል። ሒሳቡ ግን አልገጥም አለ። እኛ የምናስከፍለው ተቀርጾ ባለቀው ሰዓት ልክ ነው፤ ልጆቹ የመደቡት ገንዘብ ደግሞ መጽሐፉን ሙሉውን አይሸፍንም።

ተራኪያችን ዕድሜያቸውን መድረክ ላይ ያሳለፉ ሰው ናቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ቀድመው አንብበውት ስለነበር "አንዲት ገጽ አትነካም" አሉ። አለቃችን ሳቀ።

"ጋሼ ሙት፣ ስለ ሐዲድ ብሎን ይህን ሁሉ ገጽ ማን ቁጭ ብሎ ይሰማል?"

"እኔ እሰማለሁ።"

"እርስዎ አይከፍሉማ!"

ክርክሩ ሲረዝም አለቃዬ ወደ እኔ ዞረ። "አንተ ነገር ቶሎ ይሰለችሃል። ውሰድና አንብበው። አሰልቺው ላይ ምልክት አድርግ፣ እሱን እንቆርጣለን።" ጋሼ አንገታቸውን ነቀነቁ። "ጥሩ ዳኛ አገኘህ" አሉ። ሽሙጥ መሆኑ አልጠፋኝም።

ቀይ እስክሪብቶ ይዤ ገባሁ። መጀመሪያ ላይ ሥራ አላጣሁም። የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ የቅድመ አያት ስም፣ ማን ማንን እንዳገባ፣ በእናት በኩል ደግሞ እንደገና። ሰረዝ፣ ሰረዝ፣ ሰረዝ። "በዚህ አያያዝማ ዛሬውኑ እጨርሰዋለሁ" አልኩ።

ከዚያ ሽማግሌው ወደ ሥራቸው ገቡ።

የድሮው የባቡር መስመር ከጅቡቲ አዲስ አበባ 784 ኪሎ ሜትር ነበር። የሐዲዱ ስፋት አንድ ሜትር ሲሆን መስመሩም ነጠላ ነበር። የሚወጣውም የሚወርደውም ባቡር የሚሄደው በዚያችው በአንዷ ነበር። ስለዚህ ሁለት ባቡር የሚተላለፈው ጣቢያ ላይ ብቻ ነበር። አንዱ ገለል ብሎ ይቆም፣ ሌላው ያልፍ ነበር። ማን ቆሞ ማን እንደሚያልፍ የሚወስኑት የጣቢያ ሹሞች ነበሩ፤ በስልክ እየተነጋገሩ። ሽማግሌው አንድ ሌሊት ሚኤሶ ላይ ተረኛ ነበሩ። ከወዲያኛው ጣቢያ ስልክ የሚያነሣ ጠፋ። ነጂው ቸኩሏል። ተሳፋሪው ያጉረመርማል። አንድ ሹመኛም ከፉርጎው ወርዶ ተቆጥቷቸዋል። እሳቸው "አልለቅም" ብለው ቁጭ አሉ። በኋላ ስልኩ ሲነሣ፣ የጭነት ባቡር ከዚያ በኩል ተነሥቶ ወደ እነሱ እየመጣ ኖሯል።

ይህን በጥቂት መስመር ጽፈው ቀጥለው ስለ ፋኖስ ጋዝ እጥረት ያወራሉ።

ወደ ኋላ ተመልሼ ደግሜ አነበብኩት። የእኔ ጸሐፊዎች ቢሆኑ ከዚህች ሌሊት ግማሽ መጽሐፍ ያወጡ ነበር። ነጂው ሰክሮ ይገኛል፣ ሹመኛው ሰላይ ይሆናል፣ ስልኩንም ቆንጆ ሴት ቆርጣዋለች። እኚህ ሰው ግን የሚያሳስባቸው ጋዙ ነው። ያለ ጋዝ ፋኖስ የለም፤ ያለ ፋኖስ ደግሞ ነጂው ምልክት አያይም። እኔ ከመጽሐፍ የምፈልገው ልብ መንጠልጠል እዚህም ነበር። የሚነግረኝ ግን አልነበረም፤ ራሴ መድረስ ነበረብኝ።

ጥር 5 ቀን 1977 ዓ.ም. ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ ይጓዝ የነበረው ባቡር አዋሽ አጠገብ ከድልድይ ላይ ገደል ገባ። መታጠፊያው ላይ ፍጥነቱን አልቀነሰም ነበር። ከ400 በላይ ሰው አለቀ። አገሩ ረሃብ ላይ ስለነበር ይሁን ወይ ሌላ እንጃ፣ እኔ ይህን አደጋ ከእሳቸው መጽሐፍ በፊት በጭራሽ ሰምቼው አላውቅም። የስለላ ድርጅቶችን አደረጃጀት በቃሌ የማውቅ ሰው! ሽማግሌው ስለዚያ ቀን የጻፉት አንድ ገጽ አይሞላም። አላለቀሱበትም፣ አልፈረዱበትም። የጻፉት በሥራ ቋንቋ ነው፤ ቁልቁለቱ፣ ኩርባው፣ ፍጥነቱ።

ገጹን ስገልጥ አዲስ ምዕራፍ ይጀምራል። ስለ ብሎን ነው። አለቃዬ "ማን ይሰማል" ያለው እሱን ነው።

ብረት በሙቀት ይረዝማል። የድሬዳዋና የአፋር ፀሐይ ደግሞ የታወቀ ነው። ስለዚህ ሁለት ሐዲድ የሚጋጠሙበት ቦታ ላይ ትንሽ ክፍተት ይተዋል። ክፍተት ከሌለ ሐዲዱ ሲረዝም መሄጃ ያጣና ይጣመማል። ባቡር ሲሄድ የምንሰማው ታ-ታ፣ ታ-ታ የብረት ጎማው በዚያ ክፍተት ላይ ሲያልፍ ነው። መጋጠሚያውን የሚይዘው ብሎን ነው፤ ብሎኑን የሚጠብቀው ደግሞ በእግሩ የሚሄድ ሰው። ከዚያ የፍጥነት ምልክቶች ይከተላሉ፤ የት እንደሚተከሉ፣ ከኩርባው ምን ያህል ቀድመው፣ ቀለማቸው በስንት ጊዜ እንደሚታደስ። ከአዋሹ ገጽ በኋላ ይህን ማንበብና ለብቻው ማንበብ አንድ አይደለም። ሰውየው ሐዘናቸውን የጻፉት እዚህ ነው። መስመር በመስመር፣ ብሎን በብሎን።

መቼም እኔን ፈጽሞ የጨረሰኝ ጎማው ነው። ባቡር ጣቢያ ሲቆም አንድ ሠራተኛ መዶሻ ይዞ የየፉርጎውን ጎማ ኳ፣ ኳ እያደረገ ያልፋል። ጤነኛ ጎማ ጥርት ብሎ ይጮኻል። የተሰነጠቀው ድምፁ ይደፈናል። ሰውየው በጆሮው ነው የሚለየው! በድምፅ እንጀራ የምበላ ሰው ነኝ፤ ያቺን ገጽ ስንት ጊዜ እንዳነበብኳት አልቆጠርኩም። ያቺን ሌሊት ቤቴ ያለ ብረት ሁሉ በማንኪያ ተመቷል።

ስቱዲዮ ስመለስ አለቃዬ መጽሐፉን ገለጠ፣ ገለጠ። ቀዩ ከመጀመሪያው ምዕራፍ ወዲህ የለም።

"ብሎኑስ?"

"ብሎኑ ይቆያል።"

ጋሼ ምንም አላሉም። ሻያቸውን ብቻ ፉት አሉ። እንደሳቸው ዝም ብሎ ማሸነፍ የሚችል ሰው አላውቅም።

ለናሙና የጎማውን ገጽ ቀርጸን ላክን። ጋሼ ቸኮል ሳይሉ፣ ድምፃቸውን ሳያስጨንቁ ነው ያነበቡት። ሙዚቃም ከሥር አልገባም፤ አለቃዬ ፈልጎ ነበር። ልጅቷ ደወለች። ገና ከመጀመሯ ልቅሶ ቀደማት። አባቷ ገበያ ወርደው ብርጭቆ ሲገዙ እያንዳንዱን በጥፍራቸው ኳ እያደረጉ ጆሯቸውን ያስጠጉ ነበር አለች። ድስትም እንዲሁ። የቀፊራ ገበያ ሻጮች ይሥቁባቸው ነበር፣ ልጆቹ ደግሞ ያፍሩ ነበር። "አመል ይመስለን ነበር እኮ!" አለች። መጽሐፉን አንብባዋለች፤ ግን ያንን ምዕራፍ እሷም ዘልላው ነበር። የጎደለውን ብር ከወንድሟ ጋር እንደሚሞሉ ነገረችን።

ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት ግን አንድ ነገር ጨመረች። "አደራ፣ የዘር ሐረጉን እንዳትነኩት። ለልጆቹ ከሁሉም በላይ የምንፈልገው እሱን ነው።"

አለቃዬ ቀይ ሰረዝ የሞላውን የመጀመሪያ ምዕራፍ አንሥቶ አሳየኝ። ጋሼ ያኔ ሳቁ፤ ከልባቸው።

ከዚያ ወዲህ መጽሐፍ አገዛዜ ተበላሽቷል። የለገሃሮቹ ልጆች ስለላውን ሲዘረጉልኝ "ሌላ ምን አለ?" እላለሁ። መጀመሪያ የገዛሁት የፊታውራሪ ተክለሐዋርያት ተክለማርያምን የሕይወት ታሪክ ነው። በልጅነታቸው አድዋ ዘምተው፣ ሩሲያ ሄደው የመድፈኛ ትምህርት ተምረው፣ አገራቸው ተመልሰው የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቁ ሰው ናቸው። ኋላም ጄኔቭ ላይ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ ኢትዮጵያ ተከራክረዋል። የትኛው ሰላይ ነው እንዲህ የኖረ? ያንን የወተት ላሟንም መጽሐፍ ከስቱዲዮው መደርደሪያ አውርጄ አንብቤዋለሁ። ላም የለኝም። ግን ላም ስታመነዥክ ምን እንደምትሠራ ማወቅ በጣም ደስ ይላል፤ አራት ክፍል ያለው ሆድ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ።

ሁሉም አልጣመኝም። "በሰባት እርምጃ ስኬታማ ሁን" ዓይነቱን ሞክሬ ሁለተኛው እርምጃ ላይ ወድቄ ቀርቻለሁ። ግጥም አሁንም ከጋሼ አፍ ካልሰማሁት አይገባኝም። ስለላውንም አልተውኩም፤ በተለይ ለታክሲ ሰልፍ የሚተካከለው የለም።

አሁን ያለብኝ ችግር ዋጋ ነው። የስለላ መጽሐፍ በርካሽ ይገኛል፤ ተከራክረህም ታስቀንሳለህ። ኅትመቱ ያለቀ የድሮ ግለ ታሪክ ግን ሌላ ነው። ልጆቹ ፊቴን አይተው ነው ዋጋ የሚጠሩት። ባለፈው አንዱ የአንድ ጡረተኛ መሐንዲስን ማስታወሻ ይዞ ጠበቀኝና የማይቀመስ ዋጋ ጠራብኝ። "ማን ይገዛሃል ይህን?" አልኩት።

"አንተ" አለኝ።