ልጄ ሙዚቃዊ ቲያትር ለመማር ስታመለክት፦ የወላጅ ድርሻ የቱ ጋ ነው?

ልጄ ዘንድሮ ኮሌጅ ገብታለች። የምትማረው ሙዚቃዊ ቲያትር ነው፤ ዘፈን፣ ትወናና ዳንስ በአንድ ላይ። እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ያሉ ወዳጆቼ ይህን ሲሰሙ አብዛኞቹ መጀመሪያ ዝም አሉ። ቆየት ብለው ግን መደወል ጀመሩ። "የእኔዋም ይሄንኑ ነው የምትለው፤ እናንተ እንዴት አደረጋችሁት?" ይሉኛል። በስልክ የምነግራቸውን ሰብሰብ አድርጌ ልጻፈው።

እኔ የሆስፒታል ሠራተኛ ነኝ። ኖታ አላነብም፤ ስለ ብሮድዌይ፣ ስለ ኒውዮርኩ የቲያትር መንደርም፣ የማውቀው ነገር አልነበረም። ደግነቱ የማመልከቻው ትልቁ ሥራ ያንን አይጠይቅም። ቀን መያዝ፣ ገንዘብ ማስላት፣ መኪና መንዳት፣ ቤቱን ጸጥ ማሰኘት ነው። የትኛውን ዘፈን ትዝፈን፣ የትኛውን መነባንብ ታቅርብ የሚለው የእሷና የአስተማሪዋ ጉዳይ ነው። ሥራውን ገና ከመጀመሪያው እንዲህ ስለተከፋፈልነው ያን ሁሉ ወራት ሳንኳረፍ አለፍነው።

ለሌላ ትምህርት የሚያመለክት ልጅ አንዴ ይመዘናል። እዚህ ግን መዛኙ ሁለት ነው። ዩኒቨርሲቲው የክፍል ውጤቷንና ድርሰቷን ያያል። የቲያትር ክፍሉ ደግሞ ድምጿን፣ ትወናዋንና ዳንሷን ያያል። በብዙ ትምህርት ቤቶች ሁለቱም እሺ ካላሉ አልገባችም ማለት ነው። ስለዚህ ማመልከቻውም ሁለት ቦታ ይገባል፤ አንዱ ኮመን አፕ በሚባለው የብዙ ኮሌጆች የጋራ ማመልከቻ ላይ፣ ሌላው እንደ አክሴፕትድ ያለ የአርት ትምህርት ቤቶች ቪዲዮ የሚቀበሉበት ፖርታል ላይ። ክፍያውም ብዙ ጊዜ ሁለት ነው። ገቢው ዝቅ ያለ ቤተሰብ ኮመን አፕ ላይ ከክፍያ ነጻ መሆን ይችላል። ለሁለተኛው ግን ትምህርት ቤቱን ለየብቻ በኢሜይል መጠየቅ ያስፈልጋል። አትፈሩ፣ ጠይቁ። እኛ አገር ችግርን ለማያውቁት ሰው መንገር ይከብዳል፤ እዚህ ግን ለዚሁ ሥራ የተቀመጠ ሰው አለ።

ቀኖቹን አሁኑኑ ያዙ። የ11ኛ ክፍል ትምህርት አልቆ ያለው ሰመር የዝግጅት ጊዜ ነው። የቅድመ ማጣሪያ ቪዲዮ፣ እዚህ ፕሪስክሪን የሚሉት፣ በአብዛኛው በኦክቶበርና በኖቬምበር ይላካል። በብዙ ቦታ የመጨረሻው ቀን ኖቬምበር 1 አካባቢ ነው። ቪዲዮውን ያለፉት ለኦዲሽን፣ ማለትም መምህራኑ ፊት ለሚሰጠው ፈተና፣ ይጠራሉ፤ ዋናው ወቅት ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ነው። መልስ እስከ ኤፕሪል መጀመሪያ ይመጣል። ሜይ 1 ምርጫን ማሳወቂያ ቀን ነው። እኔ ይህን ሁሉ አንድ ኤክሴል ላይ አስገብቼ ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፍኩት። ኤክሴሉ ላይ ከሁሉ የጠቀመኝ "የካሜራ አቀማመጥ" የሚለው ዓምድ ነው። አንዱ ትምህርት ቤት ሙሉ ቁመቷ ይታይ ይላል፣ ሌላው ከወገብ በላይ ይላል። እርግጥ አሁን ብዙ ትምህርት ቤቶች የተስማሙበት አንድ የጋራ የፕሪስክሪን ደንብ አለ፤ ሸክሙን በጣም አቅልሏል። ቢሆንም ከደንቡ ውስጥ የትኛውን አማራጭ እንደሚፈልጉ ይለያያሉ።

አሁን ዝርዝሩ። ብዙ ሰው የሚጀምረው ከስመ ጥሮቹ ነው። ፒትስበርግ ያለው ካርኔጊ ሜለን አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1914 በአሜሪካ የመጀመሪያውን የድራማ ዲግሪ የጀመረው ነው። ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ አለ። ሲንሲናቲ ዩኒቨርሲቲ አለ። ሁሉም ድንቅ ናቸው። ግን በዚህ ትምህርት አንድ ክፍል ብዙ ጊዜ ከ10 እስከ 25 ልጅ ነው የሚይዘው፤ አመልካቹ ደግሞ እልፍ ነው። ስለዚህ እኔ ሁልጊዜ የምለው፣ ዝርዝሩን ከታች ጀምሩ። መጀመሪያ ኦዲሽን የማይጠይቅ፣ ልትከፍሉት የምትችሉት፣ ልጃችሁም ደስ ብሏት የምትማርበት ትምህርት ቤት ፈልጉ። እሱ ሳይገኝ ወደ ላይ አትውጡ። ቀጥሎ በአካባቢያችሁ ያለውን እዩ። ለእኛ ዋሽንግተን ውስጥ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲና ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ፣ ቨርጂኒያ ደግሞ ሸናንዶዋ ዩኒቨርሲቲ በመኪና የሚደረስባቸው ናቸው። ሃዋርድን ልጄ ከልቧ ነበር የወደደችው። ተዋናዮቹ ፊሊሻ ራሻድና ዴቢ አለን የወጡበት ነው፤ የአርት ኮሌጁም በተዋናዩ ቻድዊክ ቦዝማን ስም ነው የሚጠራው።

ቢኤፍኤ እና ቢኤ የሚባሉትን ሁለት የዲግሪ ዓይነቶችም ለዩ። ቢኤፍኤ ላይ ከትምህርቱ ሁለት ሦስተኛ የሚሆነው መድረክ ነክ ነው። ቢኤ ላይ ቲያትሩ ይቀንስና ለሌላ ትምህርት ቦታ ይተርፋል። ሌላ ሙያ ደርባ መማር ለምትፈልግ ልጅ ቢኤ ከቢኤፍኤ የሚያንስ ነገር አይደለም። ይህን ደጋግሜ የምናገረው ብዙ ወላጅ ቢኤፍኤ ካልሆነ ልጁ የወደቀች ስለሚመስለው ነው።

የዘመድ ነገር መቼም አይቀርም። ታላቅ ወንድሜ "ነርሲንግ እያለ?" አለኝ። ፒያሳ ተወልዶ ያደገ ሰው ነው። "ጋሼ፣ አገር ፍቅርን ረሳኸው እንዴ?" አልኩት። አገር ፍቅር ከተመሠረተበት ከ1927 ዓ.ም. ጀምሮ ዘፈኑም፣ ውዝዋዜውም፣ ድራማውም የሚቀርበው አንድ መድረክ ላይ ነው። ልጄ የምትማረው ለእኛ ባዕድ ነገር አይደለም። ዝም ብሎ ቆየና ያያቸውን ቲያትሮች ማውራት ጀመረ። የዳንስ ጫማዋን የገዛላት እሱ ነው። ሥጋቱ ግን ትክክለኛ ሥጋት ነው። የተዋናይ ሥራ ቋሚ ደመወዝ የለውም። እኛ መልስ የሰጠነው በዕዳ ላይ ገደብ በማበጀት ነው፤ እሱን ከታች እመለስበታለሁ።

ዘፈን መረጣው እንዲህ ሆነ። በአብዛኛው የሚጠየቁት ሁለት የሚለያዩ ዘፈኖች ናቸው፤ አንዱ ከቀድሞዎቹ ሙዚቃዊ ቲያትሮች፣ አንዱ ከዘመናዊዎቹ። እያንዳንዱ ከአንድ ደቂቃ እስከ አንድ ደቂቃ ተኩል። መነባንቡም እንደዚሁ። የሃይስኩል የመዘምራን አስተማሪዋ አንድ ነገር ነገረቻት፤ የ17 ዓመት ልጅ ልትሆናት የምትችል ገጸ ባሕርይ ምረጪ። ሦስት ትዳር የፈታች ሴት ዘፈን ድምጿን ያሳይ ይሆናል፤ እሷን ግን አያሳይም። መነባንቡን ከታተመ ተውኔት ወሰደች። ተውኔቱን ከዳር እስከ ዳር አነበበችው፤ ምክንያቱም ኦዲሽን ላይ "ከዚህ በፊት ምን ደርሶባት ነው እንዲህ የምትናገረው?" ተብሎ ይጠየቃል።

በብዙ ሺህ ዶላር ሙሉ ዓመት የሚያዘጋጁ አሠልጣኞች አሉ። ጠቃሚ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ያለ እነሱ አይሆንም የሚለውን ግን አልቀበልም። እኛ የከፈልነው ለድምፅ አስተማሪና ዘፈኖቹን በፒያኖ ለቀዳልን የሙዚቃ ተማሪ ነው።

የቀረጻው ዕለት ቤዝመንታችን ስቱዲዮ ሆነ። ግድግዳው ላይ ግራጫ አንሶላ ሰቀልን። መጀመሪያ በደንብ ተኮስኩት፤ የአንሶላ እጥፋት ካሜራ ላይ ጎልቶ ይታያል። ሁለት የሳሎን መብራት ከፊቷ ግራና ቀኝ አቆምን። ስልኩ በአግድም፣ በዓይኗ ትክክል፣ ማቆሚያ ላይ ሆነ። የፒያኖው ድምፅ የሚወጣበትን ስፒከር ቦታውን እየቀያየርን በኢርፎን አዳመጥን፤ ድምጿን እንዳይውጠው። ማሞቂያውን አጠፋን። ታናሽ ወንድሟ ፎቅ ላይ ጫማውን አውልቆ እንዲቀመጥ ተነገረው፤ ጎበዝ ልጅ፣ ተቀመጠ። ቪዲዮው ተቆርጦ የተቀጠለ መሆን የለበትም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ትንፋሽ ነው የሚፈለገው። መጨረሻው ላይ ስትሳሳት ከሥር ጀመረች። ማታ ደክሟት "እማዬ፣ የቱ ይሻላል?" ስትለኝ እኔ አልመረጥኩም። ቪዲዮዎቹን ለአስተማሪዋ ላክናቸው። ስንጭን ደግሞ የመጨረሻውን ሌሊት አልጠበቅንም፤ ያን ዕለት ሁሉም ስለሚጭን ፖርታሉ ይንቀራፈፋል።

አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ነጻ ቪዲዮም ይቀበላሉ። የፈለግሽውን አሳዪን፣ አንቺ ማን ነሽ የሚል ነው። ልጄ የአገር ልብስ ለብሳ እስክስታ ወረደች። ማንም አላስተማራትም፤ ሰርግ ላይ ከአክስቶቿ ጋር እየቆመች የለመደችው ነው። ሐበሻ ለሆናችሁ በሙሉ ይህን ቦታ አደራ እላለሁ። ሁሉም ልጅ ተመሳሳይ ዘፈን በሚልክበት ክምር ውስጥ፣ ትከሻዋ እንዲህ የሚናገር ልጅ ስትመጣ መምህራኑ ቀና ይላሉ። ኦዲሽን ላይ ስለዚያ ቪዲዮ የጠየቋት ነበሩ።

ኦዲሽኑን እያንዳንዱ ግቢ ድረስ ሄዶ መስጠት ይቻላል። ዩኒፋይድስ የሚባልም አለ። በብርዱ ወራት ብዙ ትምህርት ቤቶች ኒውዮርክ፣ ቺካጎና ሎስ አንጀለስ ላይ ይሰባሰቡና በተከታታይ ቀናት ይፈትናሉ። እኛ ኒውዮርክን መረጥን፤ በመኪና ስለሚደረስ ወጪው ይቀንሳል። ኮሪደሩ ወለል ላይ የተቀመጡ፣ ግድግዳ ተደግፈው ድምፃቸውን የሚያሟሙቁ ልጆች ሞልተውታል። ወላጅ ወደ ውስጥ አይገባም። ኖታዋ ክላሰር ውስጥ ነው፤ መጀመሪያውና መጨረሻው በቀለም ምልክት ተደርጎበታል፣ ገጾቹ ፒያኒስቱ ቶሎ ቶሎ እንዳይገልጥ ተያይዘዋል። ገብታ መጀመሪያ ፒያኒስቱን ሰላም ትላለች። የመጀመሪያውን ስንኝ በቀስታ እያንጎራጎረች ፍጥነቱን ታሳየዋለች። ይህችን አንድ ነገር ቤት ውስጥ ተለማምዳታለች፤ ለማያውቁት ሰው ፍጥነት መንገር የሚያስጨንቃቸው ልጆች ብዙ ናቸው።

መነባንቡን ከጨረሰች በኋላ "አሁን ደግሞ ምስጢር እንደምትነግሪው አድርጊና ድገሚው" ሊሏት ይችላሉ። ጥሩ ስላልሠራች አይደለም። ሲነገራት ትለወጣለች ወይ የሚለውን ነው የሚያዩት። ልጄ ከዚህ የተነሳ በአንድ መነባንብ ብዙ ዓይነት ስሜት መለማመዷ ጠቅሟታል።

እኔ ኮሪደር ላይ የዝንጅብል ሻይ በፔርሙስና ዳቦ ቆሎ ይዤ ነበር የምጠብቃት። ስትወጣ "እንዴት ነበር?" አልልም። "ብርድ አለ፣ ካፖርትሽን ልበሺ" ነው የምላት። ማውራት ስትፈልግ ራሷ ትጀምራለች። አንዳንዴ ማውራት የጀመረችው መኪና ውስጥ፣ ኒው ጀርሲን ካለፍን በኋላ ነው።

የእንቢታው ወቅት ረጅም ነው። ከኖቬምበር ይጀምርና እስከ ኤፕሪል ይዘልቃል፤ ምክንያት አይነገርም። ልጃችሁን ሊያጽናና የሚችል አንድ እውነት አለ። ትምህርት ቤቶቹ ክፍል የሚመርጡት የአንድ ትርኢት ተዋንያን እንደሚመረጡ ነው። ከፍ ያለ ድምፅ ያላት አንዲት ልጅ ከያዙ ሁለተኛዋን፣ የቱንም ያህል ጎበዝ ብትሆን፣ ሊተዉአት ይችላሉ። ይህን ልጄ ቀድማ ስላወቀችው እያንዳንዱን ደብዳቤ በራሷ ላይ እንደተሰጠ ፍርድ አላየችውም። አልቅሳለች፤ ግን በማግስቱ ልምምድ ሄደች።

ገንዘቡ። ፋፍሳ፣ የፌደራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻው፣ ብዙውን ጊዜ ኦክቶበር 1 ይከፈታል፤ በጊዜ ሙሉት። ብዙ የግል ትምህርት ቤቶች በተጨማሪ ሲኤስኤስ ፕሮፋይል የሚባል ሌላ የእርዳታ ቅጽ ይጠይቃሉ። ዓመታዊ ገቢው እስከ 100,000 ዶላር የሆነ ቤተሰብ እሱን በነጻ ይሞላል። ከማመልከታችሁ በፊት ደግሞ የየኮሌጁ ድረ ገጽ ላይ ያለውን የዋጋ ማስያ ተጠቀሙ፤ ከእርዳታ በኋላ እናንተ ምን ያህል እንደምትከፍሉ ግምት ይሰጣል። ከላይ ያነሳሁት ገደብ ይህ ነው፦ ልጄ በስሟ ከሚፈቀደው የፌደራል ብድር በላይ አትበደርም፤ እሱም ለመጀመሪያ ዓመት ተማሪ 5,500 ዶላር ነው። እኔና አባቷም በወላጅ ስም አንበደርም። ይህን ኦክቶበር ላይ ነገርናት። ኤፕሪል ላይ፣ የሕልሟን ትምህርት ቤት ደብዳቤ በእጇ ይዛ ብንነግራት ኖሮ ጭካኔ ይሆን ነበር።

የእርዳታ ደብዳቤዎቹ ሲመጡ ጎን ለጎን ዘርግተን ብድሩን አወጣንና ስጦታውን ብቻ ደመርን። ብድርን "እርዳታ" ብለው አብረው የሚደምሩ ደብዳቤዎች አሉ። የመረጠችው ትምህርት ቤት መጀመሪያ ከአቅማችን በላይ ነበር። የገንዘብ እርዳታ ቢሮውን ደውለን፣ የሥራ ሰዓቴ መቀነሱን የሚያሳይ ማስረጃ አያይዘን ጻፍን። የቲያትር ክፍሉም ስለ ተሰጥኦ ስኮላርሺፕ ተጠየቀ። ጨመሩልን። ሁልጊዜ ይጨምራሉ አልልም፤ በትሕትና መጠየቅ ግን የተገኘውን ቦታ አያሳጣም።

ምርጫዋን ካሳወቀች በኋላ አንድ ሥራ ቀርቶ ነበር። የተቀበሏትን ሌሎች ትምህርት ቤቶች በዚያው ዕለት አሳወቀቻቸው። ክፍሎቹ ትንንሽ ስለሆኑ የእሷ ቦታ ለተጠባባቂ ልጅ ትልቅ ነገር ነው፤ እስከ ሜይ 1 ድረስ ይዞ መቆየት ደግ አይደለም። ደብዳቤው ሁለት መስመር ይበቃዋል፦ ስለሰጣችሁኝ ዕድል አመሰግናለሁ፤ ሌላ ቦታ መርጫለሁና ቦታዬን ለሌላ ስጡልኝ።