የብራሳንስን ዘፈን በአማርኛ ማዜም፦ ስምንት ቀለምና የሳድስ ነገር

የፈረንሳይ ሻንሶን (ግጥሙ ዋና የሆነበት ዘፈን) ወደ አማርኛ ስመልስ የምፈልገው ዜማው ሳይነካ የሚዘፈን ግጥም ነው። ለመማሪያ የወሰድኩት ፈረንሳዊው ዘፋኝና ገጣሚ ዦርዥ ብራሳንስ እ.ኤ.አ. በ1954 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እ.ኤ.አ. ናቸው) ያወጣውን «ሻንሶን ፑር ሎቬርኛ» ነው፤ «ዘፈን ለኦቬርኙ ሰው» እንደማለት፣ ኦቬርኝ የፈረንሳይ አውራጃ ናት። ሌሎች በር ሲዘጉበት በብርዱ እንጨት የሰጠውን፣ በረሃቡ ያበላችውን የሚያመሰግንበት ዘፈን ነው። ብራሳንስ ራሱ ከግጥም ዘፋኞቹ ሁሉ ቃሉን በጥንቃቄ የሚቆጥር ስለሆነ ለተርጓሚ ጥሩ አስተማሪ ነው።

መጀመሪያ የሠራሁት ቆጠራ ነው። ዘፈኑ ሦስት አንጓ አለው፤ እያንዳንዱ አንጓ 16 ስንኝ፣ በድምሩ 48። ከ16ቱ 15ቱ ባለ 8 ቀለም (ቀለም ማለት በአንድ ጊዜ የሚነገር የቃል ክፍል ነው) ናቸው፤ የመጨረሻው ብቻ ባለ 5 ነው። ከእያንዳንዱ ስንኝ ጎን የቀለሙን ቁጥርና የሚረዝመውን ኖታ በእርሳስ ጽፌ፣ ቀጥሎ ሐሳቡን በተራ ዝርው አማርኛ አሰፈርኩ። ግጥም ለመግጠም የተነሳሁት ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ቅደም ተከተል ዘልዬ በቀጥታ ስገጥም፣ በሦስተኛው ስንኝ ላይ ትርፍ ቀለም እየመጣ ዜማውን ያስረግጠኝ ነበር።

ስምንት ቀለም ለአማርኛ ጆሮ እንግዳ አይደለም። «ቡሄ በሉ፣ ልጆች ሁሉ» አራት አራት ሆኖ ስምንት ነው። ችግሩም እዚሁ ላይ ነው። የፈረንሳይኛው ባለ ስምንት ቋሚ ማረፊያ የለውም፤ የእኛው ግን ከአራተኛው ቀለም ላይ ይሰበራል። የመጀመሪያውን አንጓ ሙሉ በሙሉ አራት አራት አድርጌ ሳዜመው፣ ዜማው የብራሳንስ ሆኖ ሳለ የሚሰማው ሆያ ሆዬ ነበር። መፍትሔው ከሁለት ስንኝ አንዱን አምስትና ሦስት ወይም ሦስትና አምስት አድርጎ መስበር ነው።

ሁለተኛው መሰናክል ቤት መድፊያው፣ ስንኞቹ የሚዘጉበት ተመሳሳይ ድምፅ ነው። አማርኛ ግሥን ወደ መጨረሻ ስለሚገፋ ስንኙ ሁሉ «ሰጠኸኝ፣ አሞቅኸኝ፣ ከፈትህልኝ» እያለ ያልቃል። ቤቱ ይመታል፤ ግን የሚመታው ምዕላዱ፣ በግሡ ጫፍ የተቀጠለው ክፍል፣ እንጂ ቃሉ አይደለም፣ ሰሚውም ከሁለተኛው ስንኝ ጀምሮ ሦስተኛውን ይገምታል። ስለዚህ ከየጥንዱ አንዱ በስም እንዲያልቅ ወሰንኩ፦

ብርድ ሥጋዬን ሲያንቀጠቅጥ
ሰጠኸኝ ያንን አራት ፍልጥ

የላይኛው አራት አራት ነው፤ የታችኛው አምስትና ሦስት። ፈረንሳይኛው ስጦታውን አስቀድሞ ብርዱን ያስከትላል። አማርኛ «ሲ» የሚለውን ሐረግ ማስቀደም ስለሚወድ ቅደም ተከተሉ ተገለበጠ። መጀመሪያ እንደ ጉድለት ቆጥሬው ነበር፤ አሁን ግን ፍልጡ መጨረሻ ላይ በእጅ እንደሚቀበሉት ሆኖ መምጣቱን እወደዋለሁ። «አራት» ግን መቅረት የለበትም። ብራሳንስ ከጀርመን የግዳጅ ሥራ ሸሽቶ በ1944 ፓሪስ 14ኛው ወረዳ፣ ፍሎሪሞን በሚባል ጠባብ መንገድ ላይ የተጠጋው ከዣን እና ከባሏ ከማርሴል ፕላንሽ ቤት ነው። የድሃ ቤት ነበር። በዚያ ቤት አራት ፍልጥ ተቆጥሮ የሚሰጥ ነገር ነው።

ከሁሉ ብዙ ያስተማረኝ «ፍልጥ» ራሱ ነው። ሳድሷ «ጥ» ብቻዋን ስትቆም ቃሉ አንድ ቀለም ነው፤ ተከታይ ተነባቢ ሲመጣ ግን ዘፋኙ ትንሽ እስትንፋስ ሰጥቷት «ፍል-ጥ» ብሎ ሁለት ኖታ ሊያለብሳት ይችላል። ፈረንሳይኛው በዚያው ስንኝ ያለው «ካትር»፣ አራት የሚለው ቃል፣ እንዲሁ ነው፤ በንግግር አንድ፣ በዘፈን ሁለት። ብራሳንስ ድምፀ ስውሯን አናባቢ (ፈረንሳዮች «e» ብለው የሚጽፏትን) ሲፈልግ ያዜማታል፤ ሳይፈልግ፣ ለምሳሌ ቀባሪ በሚለው ቃል ላይ፣ በግልጽ ይውጣታል። ይህን ካየሁ በኋላ የጎደለ ቀለም ለመሙላት «እኮ» እና «ደግሞ» መሸጎጥ ተውኩ፤ መጀመሪያ የምፈልገው የተደበቀ ሳድስ ነው።

ኦቬርኛ የሚለውን ስም እንዳለ መተው አልቻልኩም፤ በእኛ ጆሮ የቋንቋ ስም ይመስላል። በአገራችን ብሔር ስም መተካትም ዘፈኑን ወደ ሌላ ክርክር ይጎትተዋል። ከኦቬርኝ ወደ ፓሪስ የመጡ ብዙዎች እንጨትና ከሰል በመሸጥ ይታወቁ ስለነበር «ከሰል ሻጩ» አልኩት፤ አራት ቀለም ነው፣ ቦታውን ልክ ይሞላል። በር የዘጉበትን «ጨዋ ነን ባዮች» አልኳቸው። የደስታውን እሳት «ደመራ» ማለቴን አልጸጸትበትም፣ በአደባባይ የሚነድ የበዓል እሳት ነውና። ለመጨረሻዋ ባለ አምስት ስንኝ «ዘላለማዊ አባት» ብቻውን ሰባት ቀለም ስለሚበላ «እግዜር ደጅ ድረስ» ገባ። «እግዚአብሔር» ሳይሆን «እግዜር» መሆኑ ከብራሳንስ ቀረቤታ ጋር ይሄዳል። እንጀራ ያበላችውን ሴት ደግሞ እሱ በ«አንቺ» ስለሚጠራት «እርስዎ» አላልኳትም።

ያልተሳካልኝ አለ። በየአንጓው መካከል አራት ስንኞች በተቃቀፈ ቤት ይመታሉ፤ አንደኛው ከአራተኛው፣ ሁለተኛው ከሦስተኛው። የማገዶው እንጨት ሁለት ስንኝ ዘሎ የደስታ እሳት ሆኖ በቤት መምቻው ይመለሳል። እኔ ወደ ጥንድ ጥንድ ቀየርኩት፤ ያ መመለስ ጠፋ።

ብራሳንስ ላይ ያለፈልኝ ቤልጂየማዊው ዘፋኝ ዣክ ብሬል ላይ አላለፈልኝም። ብራሳንስ ቃሉን እንደ ወሬ ስለሚቆርጠው «ፍልጥ» ብሎ መዝጋት ይቻላል። በብሬል የ1959ኙ «ነ መ ኪት ፓ» («አትተዪኝ» እንደማለት) ግን የመጨረሻዋ ቀለም ትረዝማለች፤ ጥ፣ ጭ፣ ቅ ላይ ቢያርፉ ድምፁ ይታነቃል። ስንኙ አምስት ቀለም ነው። «እባክሽ አትተዪኝ» ስድስት ሆነ፣ መዝጊያውም ጠባብ ነው። የቆየው «አትሂጂብኝ ተይ» ነው፤ አምስት፣ መጨረሻውም ክፍት። የፈረንሳይኛው ስንኝ ተለማኙ ወንድ ይሁን ሴት አይለይም፣ አማርኛ ግን መምረጥ ግድ ይለዋል። ሴት ብታዜመው «አትሂድብኝ ተው» ትላለች፤ ቁጥሩ አይናወጥም።

ለጀማሪ ከዚህ የሚቀል መንገድ አለ። ብራሳንስ የሉዊ አራጎንንና የፍራንሲስ ዣምን ሁለት የተለያዩ ግጥሞች በአንድ ዜማ አዚሟል፤ የሁለቱም ዋና ስንኝ 12 ቀለም፣ ስድስት ስድስት ስለሆነ። የእኛ የወል ቤት የሚባለው የግጥም ስልትም ስድስት ስድስት ነው። በቃላችሁ የምታውቁትን የወል ቤት ግጥም በዚያ ዜማ ሞክሩት፤ የት እንደሚያርፍ ጆሮ ወዲያው ይለያል።

ለአደባባይ ከሆነ ግን ፈቃድ ያስፈልጋል። በፈረንሳይ ሕግ የደራሲ መብት ከሞቱ በኋላ 70 ዓመት ይጠበቃል፤ የብሬል እስከ 2048 መጨረሻ፣ የብራሳንስ እስከ 2051። ግጥሙ የጥንቱ ባለቅኔ የቪዮን ሆኖ ዜማው የብራሳንስ ከሆነም ዜማው አሁንም በመብት ሥር ነው። የመድረክ ክፍያ መፈጸም ትርጉም አይፈቅድም፤ ለትርጉሙ የሙዚቃ አሳታሚውን ለይቶ መጠየቅ ነው፣ ከጥያቄው ጋርም አማርኛውን ስንኝ በስንኝ ወደ ፈረንሳይኛ መልሶ መላክ።