የማላውቀው ሰው አውራ ጣት

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ያለ ምክንያት ሆድ ሲብሰኝ ዋለ። ማታ ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ሲጀምር እንደ ልማዱ መብራት ጠፋ፤ እኔም ሻማ ከመፈለግ ይልቅ በርጩማዬን ወደ መስኮቱ አስጠግቼ ባለፈው ሳምንት ከቴሌግራም ያወረድሁትን የድሮ መጽሐፍ በስልኬ ከፈትሁ። ባትሪው 19 በመቶ ይላል።

ገጽ 43 ላይ ጣት አገኘሁ። መጽሐፉ ገጽ በገጽ ፎቶ ተነሥቶ ወደ ፒዲኤፍ የተለወጠ ስለ ሆነ፣ ገጹ እንዳይታጠፍ ጠርዙን የያዘው ሰው አውራ ጣት አብሮ ገብቷል፤ ጥፍሩ አጥሮ ተቆርጧል፣ ጎኑ ሰማያዊ የእስክሪብቶ ቀለም ነክቶታል፣ የሦስት መስመሮችን የመጀመሪያ ቃልም ሸፍኖብኛል። ቃላቱን በግምት ሞልቼ አለፍሁ፤ ጣቱን ግን ማለፍ አቃተኝ። ይህ ሰው ሁለት መቶ ከምናምን ገጽ እየገለጠ ሲያነሣ ስንት ማታ ፈጅቶበት ይሆን? የከፈለው የለም፣ ስሙንም አላኖረም። እርግጥ ደራሲውም ከዚህ ሳንቲም አላገኘም፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ የደራሲን መብት በሕይወት እስካለና ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ስለሚጠብቅ፣ ነገሩን ካከረርነው እኔና ባለ ጣቱ ግብረ አበሮች ነን።

ይህንኑ ፒዲኤፍ እኅቴ ከውጭ ባመጣችልኝ የንባብ መሣሪያ ላይ ጭኜው ነበር። መሣሪያው ለእኛ መብራት ታስቦ የተሠራ ይመስላል፤ ማያው ኃይል የሚፈጀው በዋናነት ገጽ ሲለወጥ ስለ ሆነ አንዴ ቻርጅ ከተደረገ ሳምንታት ይቆያል። ነገር ግን ፎቶን እንደ ጽሑፍ ማስፋትና መስመሩን ማጠፍ ስለማይችል፣ ፊደሉ በትንሿ ማያ ላይ እንደ ጤፍ ፍሬ ደቀቀብኝ። የግዕዝ ፊደል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 ዩኒኮድ በሚባለው፣ ኮምፒውተሮች የየቋንቋውን ፊደል በሚለዩበት ሥርዓት ውስጥ ገብቷል፤ እንግዲህ የጎደለው ፊደሉ ሳይሆን ቁጭ ብሎ የሚተይበው ሰው ነው።

በመሣሪያው ላይ በደንብ የሚነበቡልኝ እኅቴ የገዛቻቸው የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ናቸው፤ «ገዛቻቸው» ማለት ከተቻለ። እዚያ የሚሸጠው የማንበብ ፈቃድ እንጂ መጽሐፉ አይደለም። በፈረንጆቹ 2009 የኢንተርኔት ነጋዴው አማዞን፣ አቅራቢው መብቱ ስላልነበረው፣ ሰዎች ከፍለው የወሰዷቸውን የጆርጅ ኦርዌልን ሁለት መጻሕፍት ከየመሣሪያቸው በርቀት ሰርዟል፤ ከሁለቱ አንዱ ደግሞ ያለፈው ዘመን ጽሑፍ እየተፋቀ የሚጻፍበት ልቦለድ ነበር። ገንዘቡ ተመለሰ፣ ይቅርታም ተጠየቀ። ማይክሮሶፍትም በፈረንጆቹ 2019 የመጽሐፍ መደብሩን ሲዘጋ የተሸጡት መጻሕፍት መከፈት አቆሙ፤ ያም ገንዘብ ተመለሰ። እማዬ ዳዊቷን የገዛችበት ሱቅ ከተዘጋ ስንት ዘመኑ፤ ዳዊቷ ግን ራስጌዋ አለ። በእርግጥ የወረቀትም ነገር አያስመካም፤ በጅማ እርጥበት የአባባ መጻሕፍት ግማሾቹ ሻግተዋል፣ የተረፉትንም ሰው ተውሶ አልመለሰም።

ተውሶ አለመመለስ ሲነሣ፣ አንድ ጓደኛዬ «በሰው ቤት መኖር ይብቃህ» ብሎ ማስቶዶን በሚባል ማኅበራዊ መረብ ላይ አካውንት ካስከፈተኝ ሦስት ወር ሆነኝ። ማስቶዶንን በፈረንጆቹ 2016 ኦይገን ሮችኮ የሚባል ጀርመናዊ ጀመረው፤ ማንም የራሱን ሰርቨር (የሰዉ ጽሑፍ የሚቀመጥበትን ኮምፒውተር) ማቆም ይችላል፣ ሰርቨሮቹም እንደ ኢሜይል እርስ በርስ ይነጋገራሉ። ሐሳቡን ወድጄዋለሁ። ተከታዮቼ ግን አምስት ናቸው፤ አንዱ እሱ ነው፣ ሌላው እኔው ራሴ በሌላ ሰርቨር የከፈትሁት አካውንት ነው። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ቴሌግራምና ፌስቡክ ላይ ነው፤ የእድራችን መልእክት የሚመጣው፣ ልቅሶም የሚነገረው በዚያ ስለ ሆነ፣ ነፃነቴን አስከብሬ ቀብር ብቀር ማን ይሰማኛል? ደግሞስ ያ ሰርቨር የማን ነው? አንድ የማላውቀው ሰው ከኪሱ እየከፈለ ያቆመው ነው። ሲሰለቸው ተከታዮቼን ይዤ ወደ ሌላ ሰርቨር መሄድ እችላለሁ፤ የጻፍሁት ግን እዚያው ይቀራል። እዚህም ገጹን የያዘልኝ አንድ ጣት አለ ማለት ነው።

ይህን እያሰላሰልሁ ሳለ ስልኩ ጠፋ። በጨለማው ትዝ ያለኝ፣ ይህን መጽሐፍ ከአራት ዓመት በፊት ከነልባሱ በገንዘቤ ገዝቼው እንደ ነበርና ያ ስለ ባለቤትነት የሚሰብከኝ ጓደኛዬ ተውሶኝ እንደ ወሰደው ነው። ነገ ስደውልለት መጽሐፌን መልስልኝ ልበለው፣ ወይስ ገጽ 43ን ገልጠህ ሦስቱን ቃላት አንብብልኝ?