ቃሉን ለእኛ የተወልን ጨዋታ

ደብረ ማርቆስ ቤታችን ውስጥ ከጓደኞቼ ጋር የምንጫወተው አልትራስታር ዴሉክስ የሚባለውን፣ ስክሪኑ ላይ የሚታየውን ዜማ ተከትሎ በማይክ እየዘፈኑ ነጥብ የሚሰበስቡበትን የኮምፒውተር ጨዋታ ነው። የመረጥኩት ነጻ ስለሆነ፣ ያረጀ ላፕቶፕ ላይም ስለሚሠራና አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት ስለማይፈልግ ነበር። ከሁሉ በላይ ግን ዘፈኑን ራሳችን ጽፈን እንድናስገባበት ይፈቅዳል።

ማይክሮፎኖቹ ከአዲስ አበባ በሰው እጅ የመጡ ያገለገሉ የሲንግስታር ማይኮች ናቸው። ሲንግስታር የሚባለውን የዘፈን ጨዋታ ሶኒ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2004 ለፕሌይስቴሽን 2 ያወጣው ሲሆን፣ ማይኮቹ ግን ኮምፒውተር ላይም ይሠራሉ። ሁለቱ የሚገቡት በአንድ ዩኤስቢ ነው፤ አንዱ የግራ፣ ሌላው የቀኝ ድምፅ ሆኖ ስለሚታይ ለእያንዳንዱ ተጫዋች የራሱን ወገን መስጠት ብቻ ነው። ድምፁን በብሉቱዝ ስፒከር ማውጣት ግን ፈጽሞ አይሆንም። ድምፁ ዘግይቶ ጆሮ ይደርሳል፤ ዘፋኙ የሰማውን ተከትሎ ሲያዜም ጨዋታው ደግሞ እንዳረፈደ ይቆጥርበታል። በሽቦ ይሁን።

ዳኝነቱ የሚገርም ነው። ጨዋታው የሚለካው የዜማውን ከፍታ እንጂ የድምፁን ጉልበት አይደለም፤ ያንኑ ዜማ በወፍራም ድምፅ ብታወጣውም በቀጭን ብታወጣውም ልዩነት አያደርግም። ስለዚህ አጎቴና የእኅቴ ትንሽ ልጅ በአንድ መስመር ላይ እኩል ይወዳደራሉ። ሙሉው ነጥብ 10,000 ነው። በቀላሉ ደረጃ ሁለት ግማሽ ድምፅ ያህል (ግማሽ ድምፅ ማለት በፒያኖ ላይ ከአንዱ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት ነው) መሳት ይፈቀዳል፣ በመካከለኛው አንድ፣ በከባዱ ምንም።

ዘፈን የሚጻፈው በተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። እያንዳንዱ መስመር አንድ ቀለም፣ ማለትም በአንድ ድምፅ የሚዜም የቃል ክፋይ፣ ይይዛል፦ መቼ እንደሚጀምር፣ ምን ያህል እንደሚቆይ፣ ከፍታው ስንት እንደሆነና ቃሉ ራሱ። ዜሮ ማለት የፒያኖው መካከለኛ ዶ ነው፤ እያንዳንዱ ቁጥር ግማሽ ድምፅ ይጨምራል። የትዝታን ቅኝት ከዶ ብትነሳ 0፣ 2፣ 4፣ 7፣ 9 ይሆናል። ፋይሉ ዩቲኤፍ 8 (UTF-8) በሚባለው የፊደል አጻጻፍ ሥርዓት መቀመጥ አለበት፤ አለዚያ ፊደላችን አይነበብም።

ማሲንቆ የሚጫወት ጓደኛዬ አንድ ዜማ ቀረጸልኝና መጻፍ ጀመርኩ። ከባዱ ሥራ እዚህ ነበር። የእኛ ዘፋኝ ድምፁን አንድ ቦታ ላይ አቁሞ አይተወውም፤ ያርገበግበዋል፣ ይጎትተዋል፣ ከላይ አንቆርቁሮ ወደ ማረፊያው ይመልሰዋል። ያንን ሁሉ በቁጥር ልከተለው ብል መስመሩ ይበዛል፣ ዘፋኙም ቁጥር ሲያባርር ለዛው ይጠፋል። የማረፊያ ድምፆቹን ብቻ ለነጥብ አስቀመጥኩ፤ መርገብገቡን ኤፍ በሚለው ምልክት ጻፍኩት። በዚህ ምልክት የተጻፈ ቀለም አይቆጠርም፤ ዘፋኙ እንዳሻው ይሆንበታል። ለአማርኛ ዘፈን ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላገኘሁም።

አንድ እሑድ ቡና እየተጠጣ ስንጫወት ጎረቤታችን የሆኑት እናት ብዙ ሰዓት ዝም ብለው ሲያዩን ቆዩና፣ «ልጆቼ፣ ይኼ ዕቃ ቃሉን ይሰማል እንዴ?» አሉን። አይሰማም አልናቸው። «ታዲያ ቃሉን ለምን ከእሱ ትለምናላችሁ? የጎጃም ሰው ግጥም አጣ?» አሉ።

እውነታቸውን ነበር። አዝማሪ ፊት ተቀምጦ «ተቀበል!» እያለ ግጥም ሲወረውር ያደገ ሰው የተጻፈ ግጥም ከስክሪን ላይ የሚያነብበት ምክንያት የለም። በዚያው ሳምንት የዜማውን ቁጥር እንዳለ ትቼ ቃሎቹን ከፋይሉ አወጣሁ፤ በየቀለሙ ቦታ ባዶ ምልክት ገባ። አሁን ስክሪኑ የዜማውን መንገድ ብቻ ያሳያል፤ ግጥሙን የሚያመጣው ማይኩን የያዘው ነው። ነጥቡን ጨዋታው ይሰጣል፣ ለግጥሙ ደግሞ ቤቱ ይፈርዳል፤ ሁለቱ ሳይስማሙ ሲቀሩ እኛ የምንቀበለው የቤቱን ፍርድ ነው።

በሐምሌ የቆርቆሮው ጣሪያ ሲንጫጫ ማይኩ ዝናቡንም ይሰበስባል። መፍትሔው ማይኩን ወደ አፍ ማስጠጋት፣ በማስተካከያው ውስጥም ጨዋታው መስማት የሚጀምርበትን የድምፅ መጠን ከፍ ማድረግ ነው። ይህን ሳናስተካክል የተሸነፈ ጓደኛችን ወዲያው እንዲህ አለ፦

ዝናቡ ጣራው ላይ ሲዘፍን ውሎ፣
ነጥቤን ወሰደብኝ ድምፄን አስመስሎ።

ቤቱ አሸናፊው እሱ ነው አለ፤ እኔም እስማማለሁ። እንዲህ ያለ ስንኝ የሚወለደው መስመሩ ባዶ ሲሆን ብቻ ነው።

በዐቢይ ጾም ዘፈኑ ይቆማል። ለዚያ ወቅት የበገና መዝሙሮች ጽፌያለሁ፤ ቃላቸው በሙሉ ስክሪኑ ላይ አለ፣ ቀለሞቹ ደግሞ ሁሉም በኤፍ የተጻፉ ናቸው። በመዝሙር መወዳደር ደስ አይለንም፤ አብረን እንዘምራለን፣ ነጥቡም እስከ ፋሲካ ዜሮ እንደሆነ ይቆያል።