ሁሉም ሃይንሪሽ

ሰሞኑን የአንድ የጀርመን ቤተሰብ የዘር ሐረግ ይዞኝ ማታ ማታ አላስተኛ ብሎኛል። ሮይስ ይባላሉ። ቱሪንጂያ ውስጥ ግራይትስን፣ ጌራንና ሽላይትስን ለዘመናት የገዙ ትንንሽ መሳፍንት ናቸው። ትንንሽ ስል የምሬን ነው። የግራይትሱ ቅርንጫፍ ግዛት 316 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሕዝቡ ደግሞ ወደ 70 ሺህ ነበር። እንዲያም ሆኖ እስከ 1918 ድረስ የራሱ ልዑል ነበረው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

እኔን የያዘኝ ስማቸው ነው። በዚህ ቤት ወንድ ከተወለደ ስሙ ሃይንሪሽ ነው። በቃ፣ ሌላ ምርጫ የለም። ለንጉሠ ነገሥት ሃይንሪሽ 6ኛ ክብር የተጀመረ ልማድ ነው ይባላል፤ እሱ ከሞተ ከ800 ዓመት በላይ ሆኖታል። የሚለዩት በቁጥር ነው። ቁጥሩ ደግሞ የንግሥና ተራ እንዳይመስላችሁ። የነገሠውም፣ ያልነገሠውም፣ በጨቅላነቱ የሞተውም ይቆጠራል። ታላቁ ቅርንጫፍ፣ ማለትም የግራይትሱ፣ 100 እስኪደርስ ይቆጥርና ከ1 ይጀምራል። ታናሹ፣ የጌራው፣ ክፍለ ዘመን በተለወጠ ቁጥር ከ1 ይጀምራል። የታናሹን ውጤት እዩት። 62ኛው ሃይንሪሽ ሲሞት ወንድሙ 67ኛው ገዛ። የ67ኛው ልጅ 14ኛው ነው። የ14ኛው ልጅ 27ኛው፣ የ27ኛው ልጅ 45ኛው። እኛ ሰባት ቤት ስንቆጥር አንዱ አያት ቢዘለል ወዲያው ይታወቃል። እዚህ ግን እስክሪብቶና ወረቀት ያስፈልጋል።

ከወንዶቹ መካከል ልቤ ውስጥ የቀረው የጌራው ሃይንሪሽ ነው፣ ፖስቱሙስ የሚሉት። በ1572 አባቱ ከሞተ በኋላ ነው የተወለደው፣ ቅጽሉም የመጣው ከዚያ ነው። ይህ ሰው በቁሙ የሬሳ ሣጥኑን አሠርቶ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅሶችና የመዝሙር ስንኞች አስቀረጸበት። ክዳኑ ላይ፣ ጎኑ ላይ፣ ራስጌውና ግርጌው ላይ፣ ሁሉንም ራሱ መርጦ። በ1635 ሞተ። በተከታዩ የካቲት ሲቀበር እነዚያው ቃላት ዜማ ተሠርቶላቸው ተዘመሩ። ዜማውን የሠራው እዚያው የሮይስ ግዛት፣ ኮስትሪትስ የተወለደው ታላቁ ሙዚቀኛ ሹትስ ነው። የመጀመሪያ ስሙ? አዎ፣ እሱም ሃይንሪሽ።

45ኛውም ያሳዝነኛል። ቲያትር ወዳድ ነበር፤ ናዚ ፓርቲም ገብቷል፣ ይህን መዝለል አይቻልም። በ1945 የሶቪየት ወታደሮች ወሰዱት፣ በዚያው ጠፋ። ሞቷል ተብሎ በሕግ የተወሰነው በ1962 ነው። በቦምብ የተመታው የቤተሰቡ ቤተ መንግሥት ኦስተርሽታይን ፍርስራሹ በፈንጂ የተነሣውም በዚያው ዓመት ነው።

ሌሎቹ ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ይቀላቀሉብኛል። እያነበብኩ የገባኝ ነገር ቢኖር የዚህ ቤት ታሪክ የሚያዘው በሴቶቹ በኩል መሆኑ ነው። ሴቶቹ የየራሳቸው ስም አላቸዋ! ደግሞም ቤቱን ከዚያች ጠባብ ሸለቆ አውጥተው ከዓለም ጋር ያገናኙት እነሱ ናቸው።

ኤርድሙተን ውሰዱ። በ1722 ኒኮላውስ ፎን ዚንዘንዶርፍን አገባች። ባሏ የሞራቪያ ስደተኞችን መሬቱ ላይ አስፍሮ ሄርንሁት የተባለችውን መንደር ያቋቋመው ሰው ነው። እሱ ይሰብካል፣ ይዞራል። ገንዘቡን፣ ርስቱን፣ ዕዳውን የምትይዘው እሷ ናት። 12 ልጆች ወልዳ አብዛኞቹን ሕፃን ሳሉ ቀብራለች። የዚያች መንደር የክርስቲያኖች ማኅበር ሚሲዮናውያኑን ከካሪቢያን ደሴቶች ጀምሮ በየአቅጣጫው ላከ። በ1752 ሆከር የሚባል ሐኪማቸው ኢትዮጵያ ለመግባት አስቦ ካይሮ ድረስ መጥቶ ነበር፣ አልተሳካለትም።

አውጉስታ ደግሞ አለች፣ በ1757 ኤበርስዶርፍ የተወለደችው። አባቷ 24ኛው ሃይንሪሽ ነው፤ የግራይትስ የመጨረሻው ልዑልም 24ኛ ስለሆነ እንዳይምታታባችሁ። የኮበርግ መስፍን አገባች። አንዱ ልጇ የቤልጂየም የመጀመሪያ ንጉሥ ሆነ። የእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያም፣ ባሏ አልበርትም የልጅ ልጆቿ ናቸው። እስኪ አስቡት፣ ስንት ወንድ ሲቆጠር የኖረበት ቤት በአንዲት ሴት ልጅ የአውሮፓ ነገሥታት አያት ሆነ።

ሄርሚነን ለመጨረሻ ያቆየኋት በምክንያት ነው። በ1887 ግራይትስ ተወለደች። ወንድሟ የዚያኛው ቅርንጫፍ የመጨረሻ ልዑል፣ ማለትም ሁለተኛው 24ኛ ነው። ልጅ ሳለ በደረሰበት ጉዳት መግዛት ስላልቻለ የጌራዎቹ ዘመዶች ሞግዚት ሆነው ገዙለት። እሷ ባሏ በ1920 ሞተ። ከዙፋኑ ወርዶ ሆላንድ የተቀመጠው የጀርመን ንጉሠ ነገሥት፣ ካይዘር ቪልሄልም 2ኛም ሚስቱ ሞታበታለች። በ1922 ከሄርሚነ ልጆች አንዱ ለካይዘሩ ለልደቱ ደብዳቤ ጻፈ። ካይዘሩ ልጁን ከነእናቱ ጠራ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ተጋቡ፤ እሱ 63፣ እሷ 34። ካይዘሩ በ1941 ሲሞት ሄርሚነ ያኔ የጀርመን ወደነበረው ሲሌዥያ ተመለሰች። ጦርነቱ ሲገፋ ሸሸች፣ በሶቪየቶች እጅ ወደቀች፣ በ1947 ፍራንክፈርት አን ዴር ኦደር በቁጥጥር ሥር እያለች ሞተች።

የተቀበረችው ፖትስዳም ነው፣ ከካይዘሩ የመጀመሪያ ሚስት ጋር በአንድ ሕንፃ። ባልየው እስካሁን ሆላንድ ነው ያለው። ሁለቱ ሚስቶች አንድ ላይ፣ እሱ ለብቻው። ማን አስቦት እንደሆነ እንጃ።